የምዝገባው መስኮትና የአያ ይመር ሰላምታ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ተራዬ ደርሶ ወንበር ላይ እንደተቀመጥሁ ጸሐፊዋ ልጅ የማኅተም መርገጫውን ከመሳቢያ አውጥታ ክዳኑን ከፈተችው። ሐምራዊው ቀለም ሸተተኝና ባለሁበት ቀረሁ። ሌላውን ሰው ሽቶ ወይም የእናቱ ወጥ ወደኋላ ይመልሰው ይሆናል፤ እኔን የሚመልሰኝ የማኅተም ቀለም ነው። በሳሙናም በሎሚም ብፈትገው የማይለቅ፣ ስንት ዓመት ከጣቶቼ ጋር የኖረ ሽታ ነዋ! «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ እንጂ» ስትለኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስሁት። እማማ መባሉ ትንሽ ቢከነክነኝም ፈረምሁ። ቤቴ ገብቼም ሐሳቡ አልለቀቀኝም፤ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ እኔም አልለቀቅሁትም።

ያኔ እዚሁ ከሚሴ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በአንድ ሐጂ ግቢ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። ቅርንጫፍ ይባል እንጂ አምስት ክፍል፣ አንድ ረጅም በረንዳና ሁለት የኒም ዛፍ ነው። ባጃጅ ወደ ከተማችን ከገባ ብዙ አልቆየም፤ በአንድ ብር ከመናኸሪያው እስከ በራችን ያደርስ ነበር። ሻይ ስሙኒ መሆኑ ቀርቶ ሽልንግ ገብቷል ተብሎ ሰው የሚያማርርበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ ያንን ሽልንግ ለልጅ ብታሳዩት የልብስ ቁልፍ ይመስለዋል። ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለው የካሴት ሱቅ ጠዋት ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት ደግሞ ልጁ ያሻውን ዘፈን ይለቃል፤ አስተማሪዎቹ ሲቆጡት ይቀንሳል፣ ዘወር ሲሉ ይጨምራል። እኔ ትከሻው ስፖንጅ ያለበት አረንጓዴ ኮት ነበረኝ፤ በከሚሴ ሙቀት እሱን ለብሶ መዋል ጤነኛ ነገር አልነበረም፤ ግን የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ መሆኔ በምን ይታወቅ? ሥራዬ ሬጅስትራር ነው። መዝጋቢ፣ ማኅደር ያዥ፣ ማኅተም መቺ፣ ውኃ ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን ላኪ ነበርሁ።

ያን ዘመን ሳስብ ቀድሞ የሚያስቀኝ ፎቶው ነው። መናኸሪያው አጠገብ የነበረው ፎቶ ቤት ለጉርድ ፎቶ የሚያውሰው አንድ ግራጫ ኮት ነበረው። ከገጠር በሽርጥና በሸሚዝ የመጣው ሁሉ ያቺን ኮት ደርቦ ይነሳና አውልቆ ለሚቀጥለው ይሰጣል። የዚያን ዘመን ማኅደር ብትከፍቱ ወንዱ ሁሉ ያቺኑ ኮት ለብሶ፣ እጅጌው አንዱን አንቆት ሌላውን ውጦት ታገኙታላችሁ። እኔ ማኅደሮቹን ስደረድር ኮቷን ሰላም እላት ነበር።

ምዝገባው ግን የሚያስቅ አልነበረም። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ አንድ ተማሪ ለመመዝገብ ሁለት ቀን ይፈጅበታል ብል አላጋነንሁም። ፎርሙን ከእኔ ወስዶ ወደ ገንዘብ ያዥ ይሄዳል፤ ገንዘብ ያዡ «መጀመሪያ ይፈረምበት» ብሎ ይመልሰዋል፤ ፈራሚው ስብሰባ ነው። ከሰንበቴ ከተማ የመጣው ተማሪ የመመለሻው የመጨረሻ መኪና አምልጦት በረንዳ ላይ ያድራል። ምን ያህል ትምህርት እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚጀምር የሚነግረው የለም፤ ገለጻ ማለት በር ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ነበረች፤ እሷንም ንፋስ ወስዷት ግማሹ ተማሪ ሳያነባት ቀርቷል። ስለዚህ አቶ ጌታሁን አዲስ አስተባባሪ ሆነው ሲመጡና የአገልግሎት ደረጃ የሚባለውን ነገር ይዘው ሲነሱ፣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ እኔ ነበርሁ።

አቶ ጌታሁን ከጎጃም የመጡ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ወጣት ነበሩ። ሥልጠና ላይ ቆይተው ሲመለሱ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ሰሌዳ ይዘው መጡ። ሰሌዳው ላይ የእያንዳንዱ አገልግሎት ጊዜ ተጽፏል፤ የአዲስ ተማሪ ምዝገባ፣ ስምንት ደቂቃ። ሦስቱን ቢሮ ወደ አንድ መስኮት አመጧቸው፤ ፊርማውም ገንዘቡም ማኅተሙም እኔው ጋ ሆነ። ለእኔ አንድ ቅጽ ተሰጠኝ፤ ባለጉዳዩ መስኮት የደረሰበትን ሰዓት፣ የሄደበትን ሰዓት፣ ከጎኑም «ተስተናግዷል» ብዬ የምጽፍበት። እውነቱን ልናገር፣ ወደድሁት። እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ፤ ነገር ሲንዛዛ ሆዴን ያመኛል። ደሴ ተምሬ ስለመጣሁም በከሚሴ ልማድ ላይ ትንሽ የምኮራ ቢጤ ነበርሁ። በስምንት ደቂቃ አይደለም፣ በአምስት ደቂቃ እመዘግብ ጀመር።

ነገሩ የደረሰው በዚያው ዓመት የምዝገባ ሳምንት ነው። ያን ዓመት ከገጠር ለሚመጡ ሴቶች ተብሎ ያለ ክፍያ የሚማሩበት ጥቂት ቦታ ተይዞ ነበር፤ የዕድለኞቹ ስም ዝርዝር በየትምህርት ቤታቸው ተለጠፈ። እስከ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያልተመዘገበች ልጅ ቦታዋ ለተጠባባቂ ያልፋል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቦታው ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ መስኮቴ ላይ ቆሙ። ነጭ ጥምጥም፣ በሽርጥ ላይ የተደረበ ካኪ ኮት፣ በእጃቸው ዱላ። ከኋላቸው ላስቲክ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ደረቷ ላይ የያዘች ልጅ አለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ።

«ወዓለይኩም ሰላም» አልሁ፤ ዓይኔ ቅጹ ላይ ነው፣ የደረሱበትን ሰዓት እየጻፍሁ።

«አካም ቡልተኒ? ወሪ ነጋ? ሎን ነጋ?» እንዴት እንዳደርሁ፣ ቤተሰቡና ከብቱ ሰላም እንደሆነ በኦሮምኛ እየጠየቁኝ ነው።

«ደህና ነን አባባ። ጉዳይዎ ምን ነበር?»

ወደ አማርኛ ዞረው ቀጠሉ። «ዝናቡስ ወደናንተ እንዴት ነው? እናት አባትሽ አሉ?»

«አባባ፣ ከኋላዎ ሰው እየጠበቀ ነው። ጉዳይዎን ይንገሩኝ።»

አዩኝ። አልተቆጡም። «ይሁን ልጄ፣ አላህ ያግዝሽ» ብለው ዞሩ፤ ልጅቷም አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አይታ ተከተለቻቸው። ወረቀት የጎደላቸው መሰለኝ። ቅጹ ላይ ሁለት ደቂቃ፣ ተስተናግዷል ብዬ ጻፍሁና የሚቀጥለውን ጠራሁ። ረቡዕ ሻይ ሰዓት ላይ አቶ ጌታሁን ቅጹን አገላብጠው «ወይዘሮ ዘይነብ፣ ሁለት ደቂቃ! ይህንንማ ለዋናው ግቢ መላክ አለብኝ» ሲሉ ሳቅሁ፤ ኩራትም ተሰማኝ። ብቻ አንድ ነገር ግራ ያጋባቸው ነበር። ሰልፉ እንዲያ እየፈጠነ የተመዘገበው ተማሪ ግን ካለፈው ዓመት ያነሰ ነው። ማስታወቂያው በደንብ አልደረሰ ይሆናል ብለን ተለያየን።

የጥበቃችን ስም አያ ሙሄ ነበር። የጨፋ ሰው፣ ጥርሳቸው ለመፋቂያ እንጂ ለወሬ የማይከፈት፣ ሐሙስ ዕለት ግን የምሳ ሰዓት ላይ መስኮቴ ጋ መጥተው ቆሙ። «ዘይነብዬ፣ ትምህርቱ ሞልቷል አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ ምኑ ሞልቶ! ተማሪ አጥተን ነው እንጂ።»

«ታዲያ ሰውን ለምን ትመልሻለሽ? እኔ እኮ በር ላይ ሆኜ የገጠሩን ሰው ‹ሞልቷል፣ አትልፉ› እያልሁ ነው፤ እዚህ ድረስ ገብቶ ከሚያፍር ብዬ።»

ክው አልሁ። «ማንን ነው የመለስሁት?»

«ያ የሮቢት ማዶው ይመርስ? ልጁን ይዞ መጥቶ ሰላምታውን አልቆረጥሽበትም? ወላሂ፣ ሲወጣ ፊቱን አይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ከእሱ ወዲህ ደግሞ ስንቱ!»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር ሰው የሚለምነው ነገር ይዞ ሲመጣ በልመናው አይጀምርም። በሰላምታ ይጀምራል፤ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ልጁን ይጠይቃል። ያኛው ወገን እየመለሰ፣ እየጠየቀ አብሮት ከሄደ ‹ጉዳይህን ተናገር› ማለቱ ነው። ከቆረጠበት ደግሞ ‹ባትጠይቀኝ ይሻላል፣ አላደርገውም› ማለቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ለማኙም ሳይለምን ይመለሳል፣ እንቢ ባዩም እንቢ ሳይል ይቀራል፣ ማንም አያፍርም። አያ ይመር ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለት ጊዜ ቆረጥሁባቸው። ልጄን አትቀበሉም ማለት ነው ብለው፣ መርቀውኝ ሄዱ። አለማወቄ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እኔ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ እናቴ እንዲህ ሰላም ስትል አጠገቧ ቆሜ እግሬ እስኪደነዝዝ ጠብቄያለሁ። ዝርዝሩን አውጥቼ በጣቴ ወረድሁ። መዲና ይመር፣ ከስሟ ፊት ያለው ባዶ ነው። አፈርሁ፤ እዚያው መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ ብል አልዋሸሁም።

ለአቶ ጌታሁን ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። «በሰላምታ ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ይቀራል?» አሉ። አያ ሙሄን ጠሩና ጠየቋቸው፤ ከዚያ ሰሌዳቸውን ቀና ብለው አዩት። «ነገ ጠዋት ይሂዱና ይፈልጓቸው። መስኮቱ ላይ እኔ እቀመጣለሁ፤ አያ ሙሄ አጠገቤ ሆነው ሰላምታውን ያስተምሩኛል» አሉኝ። ቀጥለውም ኮስተር ብለው፣ «አሥራ አንድ ተኩል ግን አሥራ አንድ ተኩል ነው። ዝርዝሩን ዘግቼ ስፈርም ቀኑ አለቀ» አሉ። ሰውየው ደንብ ወዳድ ነበሩ፤ በዚህ አልወቅሳቸውም።

ዓርብ በማለዳ በሚኒባስ ጨፋ ሮቢት ወረድሁ። ከዚያ በእግር ነው። የጨፋ ሜዳ በመስከረም መጨረሻ ምን እንደሚመስል ያላየ አይገባውም፤ ማሽላው ከሰው በላይ ሆኖ መንገዱን ይውጠዋል፣ ከብቱ ሆዱ ድረስ ሣር ውስጥ ገብቶ ቀንዱ ብቻ ይታያል። አረንጓዴ ኮቴን በክንዴ ይዤ፣ በከተማ ጫማዬ ጭቃውን እየተራገምሁ ሄድሁ። አያ ይመርን ከደጃቸው ላይ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። አወቁኝ።

«አሰላሙ ዓለይኩም አያ ይመር።»

«ወዓለይኩም ሰላም» አሉና ወደ ሞፈራቸው ተመለሱ። የሰላምታ ምላሽ የአላህ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አልጨመሩም።

ጠየቅሁ፣ ዝም። እንደገና ጠየቅሁ፣ የመጥረቢያው ድምፅ ብቻ። ‹ሂጂ› መባሌ ነው። ማክሰኞ መስኮቱ ላይ ቆመው የተሰማቸው ይህ ከሆነ፣ መርቀውኝ መሄዳቸው ገረመኝ። ፀሐዩ አናቴን ይመታኛል፤ እኔ ግን አልሄድም አልሁ። ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ በእናቴ ቋንቋ፣ በእናቴ ዝግታ። እንዴት አደሩ? ቤተሰቡ ሰላም ነው? ጎረቤቱ? ዝናቡ እንዴት ነው? ማሽላው ያዘ? «ሎን ነጋ?» ከብቱ ሰላም ነው? ስል መጥረቢያቸው አየር ላይ ቀረ።

«ጉሬዛዋ ላሜ ትናንት ወለደች» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ! ምን ወለደች?»

«ጊደር!» አሉና ያ ፊት በአንዴ ፈካ። አምልጧቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ላሙ ጊደር ወልዳ እንዴት ዝም ይላል? ከዚያ ወዲያ ሰላምታው እንደ ወንዝ ወረደ። የእናቴን ዘር ቆጠሩ፣ በእሷ በኩል የሩቅ ዘመድ ሆነን ተገኘን፣ ባለቤታቸው እርጎ ይዘው መጡ። እርጎውን ጨርሼ ጣሳውን ስመልስ አያ ይመር ተስተካክለው ተቀመጡና «እንግዲህ ጉዳይሽን ተናገሪ» አሉኝ።

«አያ ይመር፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። መዲናን ልወስዳት ነው የመጣሁት። ስሟ አለ፣ ቦታዋ አለ። ዛሬ ማታ ግን ያልፍባታል።»

«ስሟ አሁንም አለ? እኛማ አልፈለጓትም ብለን…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱም። መዲና ከጓዳ ስትወጣ ጫማዋን አድርጋ ነበር፤ ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትሰማለች።

ግን ዓርብ ነው። አያ ይመር «ጁምዓን ሳልሰግድ መንገድ አልወጣም» አሉ፤ ልጃቸውንም ብቻዋን አልለቅም አሉ። ሰገዱ። ሮቢት አስፋልት ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሙሉ ነው። ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመን ስንጠብቅ መዲና አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች። ትምህርቱ በምን ቋንቋ ነው? ሴት አስተማሪ አለ? ያላለፈ ሰው ይባረራል? እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ተማሪ ይህንን ሁሉ ጥያቄ ሆዱ ውስጥ ይዞ ከመስኮቴ እንደሄደ ያን ጊዜ አሰብሁ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ከምዝገባ በፊት ኒሞቹ ሥር አግዳሚ ወንበር እናወጣ ነበር፤ አያ ሙሄ በኦሮምኛ እኔ በአማርኛ ሰላም ብለን፣ ገለጻውን እዚያው ሰጥተን፣ የስምንት ደቂቃው ቆጠራ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጄ ከአልጋዋ ሳትወርድ በስልኳ ተመዘገበች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ሲያልቅ ስልኩ «እንኳን ደስ አለዎት» አላት። ጥሩ ነው፣ በረንዳ ላይ ማደር ቀርቷል። ብቻ ጥያቄዎቿን ይዛ የመጣችው ወደ እኔ ነው፤ ስልኩ የሚመልስ አልመሰላትም።

በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አንድ አይሱዙ ቆመልን። መዲናና እኔ ከሾፌሩ ጎን፣ አያ ይመር ከላይ ከጆንያዎቹ ጋር። መንገድ ላይ የግመል መንጋ አስፋልቱን ዘግቶ አቆመን፤ እኔ ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር መዲና ፊቴን ታያለች። ከሚሴ ግቢያችን በር ላይ ስንወርድ አሥራ አንድ ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀራል። አቶ ጌታሁን ዝርዝሩን በክንዳቸው፣ እስክሪብቶውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ አያ ሙሄ ቁልፉን ይዘዋል። በሁለት ደቂቃ ደግሞ የማንም ፎርም አይሞላም።

«አቶ ጌታሁን፣ እባክዎ…» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ሰዓታቸውን አዩ። መዲናን አዩ፤ ላስቲኳን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ከዚያ ሽርጣቸውን እያራገፉ ከመኪናው የሚወርዱትን ሽማግሌ አዩና ዝርዝሩን ለእኔ አቀብለውኝ ወደ እሳቸው ሄዱ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ ጎንበስ ብለው። ቀጥለውም በጎጃም ምላስ፣ አያ ሙሄ ጠዋት ባስተማሯቸው ኦሮምኛ፣ «አካም ኦልተኒ?» እንዴት ዋሉ ማለታቸው ነው።

አያ ይመር ዱላቸውን ተክለው ቆሙ። ከልባቸው ደስ አላቸው። «ወዓለይኩም ሰላም! ነጋ ኦልተኒ? ወሪ ነጋ?»

አቶ ጌታሁን ሳይዞሩ፣ በዝግታ፣ «ወይዘሮ ዘይነብ፣ ባለጉዳይ እያነጋገርሁ ቢሮ አይዘጋም። ይግቡ» አሉኝ።

የመዲናን እጅ ይዤ ሮጥሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ ጽፌ አላውቅም፤ ስህተት እንዳይኖር እያንዳንዱን ፊደል ሁለቴ አየሁት። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የመረጠችው ትምህርት። «ሒሳብ» አለችኝ ዓይኔን እያየች። በመስኮቱ በኩል የእነሱ ድምፅ ይሰማኛል። አያ ይመር የጎጃምን ዝናብ ይጠይቃሉ፣ የአቶ ጌታሁንን እናት፣ አባት፣ ወንድሞች። ከብቱ ጋ ሲደርሱ አቶ ጌታሁን ኦሮምኛው አለቀባቸውና በአማርኛ «ከብት የለኝም አባባ፤ አንዲት ዶሮ ብቻ አለችኝ» አሉ።

«ዶሮዋስ ደህና ናት?» አሉ አያ ይመር፣ ከምራቸው።

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። የእርስዎስ ከብት ደህና ነው?»

አያ ይመር ስለ ጊደሯ ጀመሩ። አቶ ጌታሁን ቀለሟን ጠየቁ፣ መልኳን ጠየቁ፣ ስም ወጥቶላት እንደሆነ ጠየቁ። ሰላምታቸውን ሲጨርሱ መዲና ተመዝግባ ነበር።